ነገ ትደርሳለች

ጋሽ ቀጠሮ የሚለው ስም የወጣለት ከአርባ ዓመት በፊት ነው። ልብስ ሰፊ ሁሉ «ነገ ና» እያለ ደንበኛ በሚያመላልስበት ሰፈር፣ እሱ ብቻ ማክሰኞ ያለውን ማክሰኞ ያስረክብ ነበር። ይህን ሳትጠይቁት ይነግራችኋል፤ ከጠየቃችሁትማ ምሳችሁ ያልፋል።

ያ ሁሉ ስም በአንድ ኮት ገደል ገባ። ባለፈው ወር ለሰፈሩ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሁለት ግራ እጅጌ ያለው ኮት ሰፋላቸው። በቀጠሮው ቀን ነው ያስረከበው፣ ይሄ አይካድም። ርዕሰ መምህሩም ለብሰውት ተማሪ ፊት ቆሙ፤ ቀኝ እጃቸውን ባነሱ ቁጥር እጅጌው ወደ ኋላ ይጎትታቸዋል። ተማሪው እስካሁን ይስቃል።

ከዚያ ወዲህ የስፌት መኪናውን ሴት ልጁ ተረከበች። «አባዬ፣ አንተ አሁን አረፍ በል፤ ደንበኛ ተቀበልልኝ» ብላ በሩ አጠገብ ወንበር አስቀመጠችለት። በትህትና ስላደረገችው መጣላት እንኳ አልተቻለም። እውነቱን ለመናገር ዓይኑ ደክሟል፤ የመርፌ ቀዳዳ ካየ ቆይቷል። ይህን ከሚያምን ግን ምላሱን ቢቆርጡት ይመርጣል። ሥራ መፍታት ለእሱ ከሞት አይሻልም ነበር። ቀኑን ሙሉ በሩ ላይ ተቀምጦ የአላፊ አግዳሚውን ሱሪ በዓይኑ ሲያሳጥር ይውላል።

ከሱቁ ጓሮ ያለችው ዶሮ የሚስቱ ናት። ረቡዕ ጠዋት ከአስራ አንድ እንቁላል አስሩን በደንብ ፈለፈለች። አስራ አንደኛዋ ጫጩት ግን ሁለት እግሯ ግራና ቀኝ ተበልቅጦ ደረቷን መሬት ላይ ለጥፋ ቀረች። ልትነሳ ስትሞክር እግሮቿ በየፊናቸው ይሄዳሉ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት ይቺን ሳያዩ ነው» አለች ሚስቱ። «አትተርፍም።»

ጋሽ ቀጠሮ ጫጩቷን አንስቶ ገለባብጦ አያት። ሁለቱን እግሮች በጣቱ ሰበሰባቸው፤ ሲለቃቸው ተከፈቱ። ደስ አለው፣ ባይናገርም።

«ጨርቋ ደህና ነው። ስፌቷ ነው የተበላሸው።»

«ታዲያ ማን ሊሰፋት ነው?»

«እኔ ነኛ! ለቅዳሜ ትደርሳለች።»

የቁልፍ ካርቶን ውስጥ ቁርጥራጭ ጨርቅ አንጥፎ፣ የካውያው ሙቀት በሚደርስበት በኩል አስቀመጣት። ከዚያ በሜትር ለካት። ልጁ ከመኪናው ቀና ስትል፣ ሜትሩ ከወር በኋላ እንደገና አባቷ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል።

ሐሳቡ ቀላል ነው፦ እግሮቹ እንዳይከፈቱ ሁለቱን በለስላሳ ላስቲክ ማያያዝ። ችግሩ ላስቲኩን ለመስፋት መርፌው ላይ ክር ማስገባት ነው። ለዚህም ዘዴ አላጣም። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣውን ፖስተኛ ጠራው።

«ዓይንህ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ ጋሼ።»

«እንጃ፣ ቀልቶብኛል። እስቲ ይቺን ክር አስገባና እንየው።»

ፖስተኛው አስገባ። «ጎበዝ! መነጽር አያስፈልግህም» ተብሎ ተሸኘ። ከእሱ በኋላ ልብስ ሊያሰፉ የመጡት ነርሷም አናጺውም ተመረመሩ።

የመጀመሪያውን ላስቲክ፣ ለሕጻን ሲሰፋ እንደለመደው፣ «ታድጋለች» ብሎ ሰፋ አደረገው። ጫጩቷም በሰፋላት ልክ ተበለቀጠች። ሁለተኛውን ተናዶ አጠበቀው፤ ቆመችና ወዲያው በአፏ ተደፋች። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብሎ ፈታው። ሦስተኛው ልኳ ሆነ። በጠርሙስ ክዳን አጠጣት፤ ስትወድቅ አነሳት፤ ስትቆም ማንም አለማየቱን አረጋግጦ አጨበጨበላት። ቅዳሜ ጠዋት ላስቲኩን ሲያወልቅላት እግሮቿ ቀጥ አሉ። ሦስት እርምጃ ተራመደች።

ጋሽ ቀጠሮ ጫጩቷን አየ። በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር አየ። ከዚያ ላስቲኩን መልሶ አጠለቀላት።

ሚስቱ መጣች። «ጫጩቴስ?»

በአርባ ዓመት የስፌት ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ነገ» አላት።

እሑድም «ነገ» አለ። ሰኞ «ወገቧ ጋ ትንሽ ይቀራታል፣ ነገ» ሲል፣ ሚስቱ «ጉድ ፈላ! በስተርጅና ልብስ ሰፊ ሆነልሽ!» ብላ ለጎረቤት አወራች።

ማክሰኞ ልጁ ካውያ ልታነሳ ስትመጣ፣ ጫጩቷ ላስቲኳን እንዳጠለቀች በካርቶኑ ዙሪያ ትሮጣለች። ጎንበስ ብላ አወለቀችላት። ጫጩቷ ቀጥ ብላ ሄደች።

«አባዬ፣ ይቺ እኮ ድናለች።»

«ግራ እግሯ ትንሽ…»

«ከእኔ ይሻላል አረማመዷ።»

አንገቱን ደፋ። «እሷን ካስረከብኩ በኋላ ምን እሠራለሁ?» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ልጁ ወደ ውስጥ ገባች። ተቀየመችኝ ብሎ ሰጋ። የመኪናውን ድምፅ ቢጠብቅ የለም። ብዙ ቆይታ ያንን ርዕሰ መምህሩ የመለሱትን ኮት ይዛ ወጣችና ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። አንዱ እጅጌ ተተርትሮ ወጥቷል። ኮሌታው ላይ ስድስት መርፌዎች ተሰክተዋል፤ ሁሉም ክር ገብቶላቸዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ መርፌዎቹን እያየ።

«ዓይኔን እየመረመርኩ ነበር» አለች። «እጅጌውን አዲስ ቆርጬዋለሁ፣ ይኸው። መግጠሙ ያንተ ነው።»

ጋሽ ቀጠሮ ላስቲኩን ከመሬት አንስቶ በመቀስ ለሁለት ቆረጠው። ጫጩቷ ዞራም ሳታየው ወደ ጓሮ ወጣች፤ እናቷ አንድ ጊዜ ገልመጥ አድርጋት ክንፏ ሥር አስገባቻት።

እሱ ኮቱ ላይ የቀረችውን እጅጌ ገልብጦ አየ፤ ግራ ናት። አዲሷን አየ፤ ቀኝ ናት። ደግሞ አየ። ከዚያ የመጀመሪያውን መርፌ ነቀለ።

«ለመቼ ነው የሚፈልጉት?»

«ለነገ።»

«ነገ ስንት ሰዓት ላይ?» አለ ጋሽ ቀጠሮ።