አኩራፊ አይለመንም

እኛ ቤት አኩራፊ አይለመንም ነበር። ሕጉን ያወጣው ማንም ሳይሆን ዋናው አኩራፊ፣ አባታችን ነው። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ተሳፋሪ ሲሰድበው መልስ መስጠት ክልክል ስለነበር፣ ቤት ሲገባ በዝምታ የሚቀጣን ይመስለኛል። ባኮረፈ ሰዓት "አባባ፣ ይቅርታ" ያለ ሰው ጉዱ ፈላ፤ የአንድ ቀኑ ኩርፊያ ሳምንት ይሆናል። ስለዚህ ልማዳችን ምግቡን ድምፅ ሳናሰማ አጠገቡ ማስቀመጥና ዞር ማለት ነው። ታናሽ እህቱ፣ አክስቴ፣ ገና ፊቱ ሲጠቁር "አኩራፊ ምሳው እራቱ ይሆናል" ብላ ትተወዋለች።

ወደ ፓርኩ የሄድነው የእረፍት ጊዜያችንን አብረን እናሳልፍ ብለን ነው። ባሌ ፋርማሲስት ነው፤ የተከራየነውን ሚኒባስ የሚነዳው እሱ ነበር። አባባ ከጎኑ ተቀምጦ የሌለ ፍሬን በእግሩ ሲረግጥ አረፈደ።

"ልጄ፣ ማርሽ ስትቀይር የምታለቅሰው መኪናዋ ናት፤ እኔን ምን አገባኝ" አለው።

"አባባ፣ ዛሬ እንኳ ዘና በል" አለ ባሌ።

በሩ ላይ ጥበቃዎቹ ከተፈቀደ ቦታ ውጪ ከመኪና እንዳንወርድ አስጠንቅቀውን ነበር። የሽማግሌ ፊኛ ግን ማስጠንቀቂያ አይሰማም። አባባ መሃል መንገድ ላይ አስቁሞን ወርዶ ከቁጥቋጦ ጀርባ ሲቆም፣ ወንድሜ አንገቱን በመስኮት አወጣ። ወንድሜ ኤሌክትሪሻን ነው፤ አንዴ ከተነሳ የሚያጠፋው ስለሌለ ጀነሬተር እንለዋለን።

"አባባ! አንበሳ!" ብሎ ጮኸ።

አባባ ሱሪውን በእጁ እንደያዘ፣ አንድ ጫማውን ጥሎ እየሮጠ መጣ። ሁላችንም ሳቅን። እኔማ እንባዬ እስኪወርድ ነው የሳቅኩት። አባባ ጫማውን አምጥቶ አደረገ፣ ማንንም ሳያይ መጨረሻው ወንበር ላይ ሄዶ ተቀመጠ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አናቱ ተከናነበ። አክስቴ ተረቷን ተረተች። ጉዳዩ አለቀ፤ ቢያንስ እኛ እንደዚያ መስሎን ነበር።

ከዚያ መውረድ የሚፈቀድበት ቦታ ደረስን። ሰው ገደል ጫፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ወንዙን የሚያይበት ነው። ከበስተኋላው የቆርቆሮ በር ያላት አንዲት የብሎኬት ሽንት ቤት አለች። መኪና እንዳይጠጋት ዙሪያዋ በትላልቅ ድንጋዮች ታጥሯል። ጎሾች ውሃ ሲጠጡ እያየን፣ የወንድሜን ትንሽ ሴት ልጅ ከጫፉ እየጎተትን፣ ፎቶ ስንነሳ ቆየን። ስንመለስ ወደ ኋላ ዞር ብዬ አየሁ። ብርድ ልብሱ እንዳበጠ ቦታው ላይ አለ። ሕግ ሕግ ነውና ማንም ሳያናግረው ሄድን።

ብዙም ሳንርቅ የጥበቃ መኪና አገኘን። ሾፌሩ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ "ወንዙ አካባቢ ደቦል ያላት አንበሳ አለች፤ ከመኪና እንዳትወርዱ" አለን።

ጀነሬተር ወደ ኋላ ዞሮ "አባባ፣ ሰማህ? አሁንስ እውነት ነው!" አለ። ብርድ ልብሱ ዝም።

ምሳ የበላነው መኪናው ውስጥ ነው። ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በሳህን አድርጌ፣ እንደ ልማዳችን፣ ከብርድ ልብሱ አጠገብ አስቀመጥኩ። ሰጎን አየን፣ ከርከሮ አየን፣ ባሌ መንገድ ተሳስቶ ተመለሰ፤ ከኋላ አንድም ተግሣጽ አልመጣም። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ባሌ መንገድ ሲስት ዝም የሚል አባባ የለማ።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ትንሿ ልጅ "አባባ እንቁላሉን አልበላም" አለች።

"ዝም በይ፣ ይሰማሻል" አልኳት።

"አይሰማኝም። እየተነፈሰ አይደለም።"

ባሌ ፍሬን ያዘ። እኛ ስንስቅበት አባቴ ከኋላችን ሞቷል፣ እኔም ለሬሳ እንቁላል ልጬ አቅርቤያለሁ ብዬ አሰብኩ። እጄ ወደ ብርድ ልብሱ ሄዶ ይመለሳል። በመጨረሻ ዐይኔን ጨፍኜ ገለጥኩት።

ጄሪካንና የአክስቴ ቦርሳ ነበር።

"ተመስገን" አልኩ፤ ትንሽ ቆይቼ ምን እንዳልኩ ገባኝ። በመስኮቱ ወደ ውጪ አየሁ። ሰው የሚያህል ቢጫ ሣር እስከ ዐይን መጨረሻ ድረስ ይወዛወዛል። አባቴ እዚያ ውስጥ ነው።

የወረድነው ገደሉ ጫፍ ላይ ብቻ ስለነበር ወደዚያው ዞርን፤ ባሌ እንደዚያ ሲነዳ አይቼው አላውቅም። ማርሹ አለቀሰ፣ ማንም አልተቆጣም። ጀነሬተር ከንፈሩ ደርቆ "እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ" ይላል። አክስቴ "ዝም በል፣ ሣሩን እይ" አለችው። ሁላችንም በየመስኮታችን ሣሩን እያየን ነበር። አንዳንዴ የሆነ ቡናማ ነገር ብቅ ይላል፤ ስንጠጋው ጉቶ ይሆናል።

ገደሉ ጫፍ ስንደርስ መጀመሪያ ያየሁት ኮቱን ነው። አባባ ኮት ይዞ ሽንት ቤት አይገባም፤ ከአውቶቡስ ዘመኑ የቀረ ልማዱ ነው። ኮቱ ከቆርቆሮው በር አጠገብ ግድግዳው ላይ ባለ ሚስማር ተሰቅሏል። ከኮቱ ሥር፣ ጥላው ላይ፣ አንበሳዋ ተኝታለች። አንዱ ደቦል የኮቱን እጅጌ ነክሶ ይጎትታል።

በሩ ተዘግቷል።

ባሌ እጁን ወደ ጡሩምባው ሲሰድ እጁን ያዝኩት።

"ጡሩምባ ከሰማ ይወጣል! ሾፌር አይደል እንዴ!"

እጁን መለሰ። የመግቢያ ቲኬቱ ላይ ባለው ቁጥር ደውሎ በሹክሹክታ ያለንበትን ተናገረ። "እየመጣን ነው፣ ሰውየው እንዳይወጣ" አሉት።

እንዳይወጣ ማን ይንገረው? ጀነሬተር መስኮቱን ስንጥቅ ያህል ከፍቶ ጮኸ። "አባባ! እንዳትወጣ! አንበሳ አለ!"

አንበሳዋ ተነሥታ ቆመች። ወደ እኛ አየች።

ከውስጥ የአባባ ድምፅ መጣ። "አንበሳ? አሁንም አንበሳ? ጥለኸኝ ሄደህ፣ ደግሞ ተመልሰህ አንበሳ?"

"አባባ፣ እውነቴን ነው!"

"እኔም እውነቴን ነው! ቆይ፣ መጣሁልህ!"

በሩ ተንቀጠቀጠ። የዛገ መቀርቀሪያ ሲንቋቋ እስከ እኛ ተሰማ። አንበሳዋ ጭንቅላቷን ወደ በሩ አዞረች፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ አስተኛች። ትንሿን ልጅ ጉያዬ ውስጥ ከተትኩና ፊቷን ሸፈንኩ። የራሴን ፊት የሚሸፍንልኝ አልነበረም።

ያኔ ነው ሕጋችን ትዝ ያለኝ። ቢለመን ይብስበታል። ቢለመን አይነቃነቅም። ወንድሜን ገፍቼ አፌን ስንጥቁ ላይ አደረግኩ።

"አባባዬ፣ እኔ ነኝ! ማረን! ጥፋቱ የእኛ ነው! እባክህ ውጣልን!"

አክስቴ ክንዴን ጨመደደችኝ። "አበድሽ?"

"ይለመን" አልኳት። ገባት መሰለኝ፣ ለቀቀችኝ።

በሩ መንቀጥቀጡን አቆመ። መቀርቀሪያው ዝም አለ።

"አኮረፈ" አለች አክስቴ በሹክሹክታ። "ተመስገን፣ አኮረፈ።"

ለመንኩ። "ውጣ" ባልኩ ቁጥር ምላሴ ላይ ፍም የማስቀምጥ ያህል ነው፤ ልቤ ደግሞ "አትስማኝ፣ አትስማኝ" ይላል። አንበሳዋ በሩ ፊት ወዲያ ወዲህ ትላለች። ዝም ካልኩ ይወጣል ብዬ ፈራሁ፤ የምለው ሲያልቅብኝ ያልተባለውን ሁሉ አወጣሁ። "መኪናውን አንተ ንዳው፣ ቁልፉን እሰጥሃለሁ! ልጅ ሆኜ አውቶቡስህ ውስጥ ከኋላህ ቆሜ፣ የሚነዳው አባቴ ነው እያልኩ ለተሳፋሪው ሁሉ እናገር ነበር፤ ነግሬህ አላውቅም! ዛሬ ስቄብሃለሁ፤ ይቅር በለኝ! ውጣልኝ አባባዬ!" ማልቀሴን ያወቅኩት የእንባዬ ጨው አፌ ሲገባ ነው። ከበሩ ጀርባ ምንም ድምፅ አልነበረም። እንደዚያ ቀን ኩርፊያውን ወድጄለት አላውቅም።

የጥበቃዎቹ መኪና ሞተሩን እያስጓራ መጣ። በድንጋዮቹ ዙሪያ ወዲያ ወዲህ እያለ፣ አንደኛው ጥበቃ ወደ ሰማይ ተኮሰ። አንበሳዋ ጥርሷን አሳይታ ትንሽ ተከራከረች፤ ከዚያ ደቦሎቿን አስከትላ ወደ ወንዙ ወረደች። ሣሩ ከኋላዋ እስኪገጥም ጠበቁ።

መሣሪያ የያዘው ጥበቃ ወርዶ ወደ ሽንት ቤቱ ሄደ። እኔም ፈቃድ ሳልጠብቅ ተከተልኩት። ሊያንኳኳ በጣቱ ጫፍ ነካ ሲያደርገው፣ በሩ ያለ ምንም ድምፅ ወለል ብሎ ተከፈተ።

መቀርቀሪያው ተስቦ ነበር። አባባ ደፉ ላይ ቆሟል፣ በአንድ እጁ የኪስ ቢላዋ፣ በሌላው መሐረብ ይዟል። ዐይኖቹ ቀልተዋል።

"በሩ..." አልኩ።

"ዝጎ አስቸገረኝ እንጂ" አለ። "ጥላችሁኝ ስትሄዱ ሌላ ቀልድ መስሎኝ፣ እስክትመለሱ አልወጣም ብዬ ነበር። እንደዚያ ስትለምኚኝ ግን አንጀቴን በላሽው። በቢላዋ ቀስ አድርጌ ቅድም ከፈትኩት።"

"ቅድም?"

"ፊቴን ልጠርግ ብዬ ነው እንጂ መውጣቴ ነበር። ልጅቷ እንዳታየኝ ብዬ። ደግሞ ተኩሱ ምን ነበር?"

ከዚያ ኮቱን ከሚስማሩ አወረደ። እጅጌው ተቦጫጭቆ በለሃጭ ርሷል። አገላብጦ አየው፣ መሬቱ ላይ ያለውን ዱካ አየ፣ የጥበቃውን መሣሪያ አየ። መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተና ለመኪናው ቁልፍ እጁን ዘረጋልኝ።

አሁን ሕጋችን ተቀይሯል። አባባ ሲያኮርፍ እንድለምነው ይጠብቀኛል፤ በሩ ላይ ቆሜ "አባባዬ፣ ውጣልኝ" እለዋለሁ። ለምን እንደለመንኩት አልነገርኩትም። ሁለተኛ ሳያስለምነኝ ፈገግ ብሎ ይወጣል፤ በወጣ ቁጥር እኔ ዞሬ ከኋላዬ ምን እንዳለ አያለሁ።