የከሰሉ አጠባ

ሰማያዊው የአሲድ መፈተሻ ወረቀት ቀላ። ሌላ ነከረች፤ እሱም ቀላ። ልጅቷ ሁለቱንም ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ሸጎጠችና ወደ ቤተ ሙከራው በር ዞር አለች። ማንም አላያትም።

የነከረችበት ፈሳሽ ከሰሉ ተጣርቶ ከወጣ በኋላ የቀረ ስኳር ያለው ውሃ ነው። አሲድ ሊኖረው አይገባም። የቤተ ሙከራው ኃላፊ የዶክተሩ የሦስት ዓመት ልፋት እኮ ይኸው ነው፤ አሲዱ ከሰሉ ላይ እንደተጣበቀ የበቆሎ አገዳ ሰባብሮ ስኳር ያደርገዋል፣ ከዚያ ከከሰሉ ጋር አብሮ ተጣርቶ ይወጣል። ይህ የሚሆነው ግን ከሰሉ አስቀድሞ በሙቅ ውሃ ተደጋግሞ ከታጠበ ነው። ከሰሉን ባጠበችበት ዕለት የውሃ ማሞቂያው በእጇ ተበላሸባት። መናገር ፈርታ በቀዝቃዛ አጠበችው፤ መዝገቡ ላይ «በሙቅ ውሃ፣ ሰባት ጊዜ» ብላ ጻፈች።

«አይጢት!» የዕቃ ክፍሉ ሠራተኛ ብቅ አለ። ድምፅዋ ስለማይሰማ ያወጣላት ስም ነው። «የፋብሪካው ሰው መጡ። ምነው፣ ድመት ያየሽ ትመስያለሽ?»

«ምንም አልሆንኩ» አለች።

ዶክተሩ የፋብሪካውን የማብሰያ ክፍል ኃላፊ አስከትለው ገቡ። ኃላፊው ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፤ ክንዳቸው በቃጠሎ ጠባሳ ተዥጎርጉሯል።

«ሰኞ በዚሁ ከሰል በትልቁ ታንክ እንጀምራለን» አሉ ዶክተሩ።

«ታንኩ ሥር የሚቆሙት የኔ ልጆች ናቸው። አሲድ አያፈስም ነው የሚሉኝ? እኔና አሲድ እንተዋወቃለን።» ክንዳቸውን አሳዩ።

«በጭራሽ! የአጠባውን መዝገብ ይዩት። ይህች ልጅ እጇ ጥንቁቅ ነው።»

ብትናገር ዛሬውኑ መባረሯ ነው፤ መዝገብ የሚያጭበረብር ሰው ማን ያስጠጋል? ዝም ብትል ደግሞ ሰኞ አለ።

«እንግዲያው ስኳሩን ልቅመሳ!» ሰውየው ፈሳሹ ያለበትን ብልቃጥ አነሱ። «ሻይ እንኳ ሳልጠጣ ነው የመጣሁት።»

ዶክተሩ ሳቁ። «አንድ ጠብታ አይገድልም።»

እጇ ቀደማት። ብልቃጡን ከሰውየው ጣቶች መሃል ነጠቀች።

«ምን ነካሽ አንቺ?» ዶክተሩ አፈጠጡባት።

«ትኩስ ነው» ብትል ያልፍላት ነበር። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«አሲድ አለው፣ አባባ» አለች ወደ ሰውየው ዞራ። «ከሰሉን በቀዝቃዛ ውሃ ነው ያጠብኩት። መዝገቡ ላይ የዋሸሁት እኔ ነኝ።»