አራተኛው ቁልፍ

እና የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ደግሞ ይደወላል፣ ዛሬም ሊያረፍዱ ነው፣ ባሏ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ከሸሚዙ አራተኛ ቁልፍ ጋር ግብግብ ገጥሟል፣ እሷ ትይዩው ወንበር ላይ ሁለት እጇን ከጭኖቿ ሥር ሸጉጣ ታያለች፣ ካልተቀመጠችባቸው ወደ ቁልፉ ይሄዳሉ፣ ታውቃቸዋለች። ያ ቀኝ እጅ፣ የሠፈሩ ወንድ ሁሉ ጉሮሮውን አምኖ የሰጠው የፀጉር አስተካካይ እጅ፣ ስትሮክ ከጣለው ወዲህ ቀዳዳ ፍለጋ ደረቱ ላይ ይንከራተታል። ቁልፏ ገባች። አልገባችም።

አትርጂው፣ ትላታለች የአካል ሕክምና ባለሙያዋ፣ እናቴ፣ ከወደድሽው አትርጂው፣ እጁ እንዲመለስ ራሱ ይልፋ። ምን ታውቃለች፣ ትናንት የተወለደች ልጅ፣ ባል እንኳ የላት። ግን ባለፈው እሁድ ቸኮለች፣ ሻማው ሳይበራ እንድረስ ብላ ፈጠን ፈጠን አድርጋ እስከ አንገቱ ቆለፈችለት፣ ኮሌታውንም አስተካከለችለት፣ ወይ ፍቅር፣ ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ያ እጅ ከጉልበቱ ላይ አልተነሳም፣ ማንኪያ እንኳ እምቢ አለ። በገዛ እጇ መለሰችው፣ ወደ ኋላ።

ልደቱ እስኪደርስ በየእሁዱ አንድ ሻማ ይበራል፣ ጠብቁ ይላሉ ቄሱ፣ ጌታን የሚጠብቅ ጉልበቱ ይታደሳል፣ የታለ ታዲያ ጉልበቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ አይዞሽ ይላል፣ አይዞሽ ልብስ አያጥብ፣ በሽተኛ ደግፎ አያነሳ፣ ደክሟታል፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ መጸለዩም ደክሟታል፣ ስትለምን ስትለምን አንዲት መልስ እንኳ፣ ጌታ እጁን ሰደድ አድርጎ ባሏን አንዴ ቢነካው ምን ይጎድልበታል፣ ያያል እኮ፣ እያየ እንዴት አስችሎት ዝም ይላል፣

ጣቶቿ ጭኗ ሥር ይነዝራሉ። እሱ ቁና ቁና ይተነፍሳል፣ ላቡ ቅንድቡ ላይ ችፍ ብሏል፣ ቁልፏ አመለጠችው፣ እጁ ጉልበቱ ላይ ወደቀ፣ ቀና ብሎ ያያታል፣ አንደበቱም ከእጁ ጋር ስለታሰረ የሚናገረው ዓይኑ ነው፣ እንባ ያቀረረ ዓይን፣ ነይ እንጂ የሚል፣ እስከ መቼ ቁጭ ብለሽ ታይኛለሽ የሚል፣ እንዴት ብላ ትንገረው፣ የማልነሳው ስለማልወድህ አይደለም፣ አንጀቴ እየተቆረጠ ነው የተቀመጥኩት፣ መነሳቱማ ለእኔ በቀለለኝ፣

እንዴ።

አንተም እንዲህ ነህ እንዴ፣ ትላለች፣ ባሏን አይደለም። አንተም እጅህ ላይ ተቀምጠህ ነው?

እንባዋ ይወርዳል፣ አትጠርገውም፣ በየትኛው እጇ። ሐዘኑ እንዳለ ነው፣ አንድ ግራምም አልቀነሰ፣ ብቻ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ረገብ ይላል፣ ብዙ አይደለም፣ ለአንድ ቁልፍ የሚበቃ፣ ብቻዋን እንዳልተቀመጠች ያህል። ደወሉ አቁሟል። መዝሙሩ ተጀምሮ ይሆናል፣ ይጀመር።

ቀስ በል፣ ትለዋለች፣ የትም አንሄድ፣ አለሁልህ።

እሱ ዓይኑን ከእሷ ላይ ነቅሎ ወደ ደረቱ ይመልሳል፣ ያ እጅ ከጉልበቱ ይነሳል፣ ወደ ቁልፏ ይወጣል፣ እሷም እጇ ላይ እንደተቀመጠች ናት።