የሃከሮቹ ሽምግልና

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ያሉት አባቶች ሊባንን አላገኙትም። የሊባን ውሸት ሲያድር ይወፍራል፤ ሲሰነብት ያገባል፣ ይወልዳል። ኦሎምፒያ ካለ አንድ ኮሌጅ ኮምፒውተር ሊማር ገብቶ ዊንዶውስ መጫን እንደቻለ «የቀረው ትርፍ ነው» ብሎ የወጣ ልጅ ነው። ከዚያ ወዲህ አትላስ አካባቢ የአንድ ሆቴል ሊፍት በስልኩ አቁሞ፣ የተኳረፉ ሙሽሮችን እስኪታረቁ ድረስ በሁለት ፎቅ መሀል አንጠልጥሎ እንዳቆየ ይናገራል። ሙሽሮቹ እነማን እንደሆኑ ሲጠየቅ «የደንበኛ ምስጢር ነው» ይላል።

እናም የጌም ኮንሶል የሚሠራ አንድ ትልቅ የባሕር ማዶ ካምፓኒ ሰርቨሩ በሃከሮች ተመትቶ፣ የዓለም ኦንላይን ጨዋታ ቀጥ ባለ ጊዜ፣ ሊባን ዝም ብሎ መቀመጥ አልሆነለትም። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለችው የጉዲና ጌም ቤት ውስጥ ጉሮሮውን ጠረገና፣

«ከእኛ ውስጥ ማን እንደመታው እንኳ ልነግራችሁ አልችልም» አለ።

«ከእኛ» የምትለዋ ቃል ነች ጉድ ያመጣችው።

የጠቡ መነሻ እንዲህ ነው። አንድ ወጣት የገዛውን ኮንሶል ፈታትቶ የራሱን ፕሮግራም ጫነበት፤ አጫጫኑንም ለሌሎች አሳየ። ካምፓኒው ከሰሰው። ሃከሮቹ ደግሞ «ሰው በገዛ ዕቃው ያዝበታል» ብለው ሰርቨሩን ጣሉት። ጌም ቤቱም ለሁለት ተከፈለ።

«ደግ አደረጉ» አለች ቤቴል። እሑድ እሑድ ቸርች ኪቦርድ የምትመታ፣ በሌላው ቀን ጆይስቲክ ይዛ ወንዶቹን የምታስለቅስ ልጅ ናት። «የገዛሁትን ድስት ክዳኑን አትክፈቺ የሚለኝ ባለፋብሪካ አለ?»

«ድስቱን ክፈቺ፣ ማን ከለከለሽ» አላት ጉዲና። «ግን ማንን ቀጡ? የካምፓኒው አለቆች ምሳቸውን በልተው ተኝተዋል።»

«እኔን ነዋ የቀጡት» አለ ሃይደር። «አህያውን ፈርተው ዳውላውን መቱ። ዳውላው እኔ ነኝ።»

እውነቱን ነው። በጌም ቤቱ ካሉት ኮንሶሎች የጉዲናዎቹ ሁሉም ክራክ ናቸው፣ ቁልፋቸው ተሰብሮ የተገለበጠ ጌም የሚያጫውቱ፤ ከሰርቨሩ ጋር አንድም ቀን ተዋውቀው አያውቁም። ቢሆንም ሰርቨሩ ወደቀ ሲባል በእነሱ ላይ የሚጫወተው ሁሉ ከማንም በላይ አዘነ። ለቅሶ ቤት ጮኾ የሚያለቅሰው ሟቹን የማያውቀው ነው። ኦንላይን የሚገባው አጎቱ ከዱባይ ያመጣለት የሃይደር ኮንሶል ብቻ ነበር፤ እሱንም የጉዲና ዋይፋይ ይሻላል ብሎ እዚያው ያስቀምጠዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የኦንላይን የእግር ኳስ ውድድር ግማሽ ፍጻሜ አለው። በሰዓቱ ያልገባ እንደተሸነፈ ይቆጠራል።

«ሊባን» አለ ሃይደር ዓይኑን አፍጥጦ፣ «የእናንተ ልጆች ከሆኑ ልቀቁት በላቸው።»

እዚህ ላይ «ቀድጄ ነው፣ ውሸቴን ነው» ቢል ያልቅ ነበር። ሊባን ግን «አቦ፣ በድርጅት ነው የምንሠራው፤ ብቻዬን አልወስንም» አለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሃይደር ሰላምታ ነሳው። አብረው ያደጉ፣ አንድ ጆይስቲክ በፈረቃ ይዘው የኖሩ ልጆች ናቸው፤ ነገሩ ሊባንን ከነከነው። ውሸቱን ግን አልከነከናትም፤ እሷ እያደገች ነው።

የሃይደር እናት ወይዘሮ መኪያ ሰርቨር ምን እንደሆነ አያውቁም። የሚያውቁት አንድ ነገር ነው፤ የተጣላ ሰው በሽማግሌ ይታረቃል። ነጠላቸውን ጣል አድርገው የእድሩ ዳኛ አቶ ገብረዋሕድ ዘንድ ሄዱ። አቶ ገብረዋሕድ የተፋቱ አጋብተዋል፤ ከላይ ፎቅ የሚያፈሰውን ሽንት ቤትና ከታች የሚረጥበውን ሳሎን እንኳ አስታርቀዋል። ዓለም አቀፍ ጉዳይ ግን ገጥሟቸው ስለማያውቅ ደስ አላቸው።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ከወይዘሮ መኪያ ጋር ጌም ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሙ።

«ይግቡ ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለ ጉዲና ወንበር እየጠረገ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም። ልጄ ሊባን፣ ካምፓኒ ከሚባል ሰው ተጣልታችኋል አሉ።»

«እኔ ሳልሆን ጓደኞቼ ናቸው ጋሼ።»

«የጓደኛ ጠብ የራስ ጠብ ነው። የካምፓኒው ወገን ማነው?»

አቶ ገብረዋሕድ በአገጫቸው ወደ ኮንሶሎቹ አመለከቱ።

«በካምፓኒው ዕቃ እንጀራ የሚበላው ማነው?»

ጣቶች ሁሉ ወደ ጉዲና ዞሩ።

«እኔ?» አለ ጉዲና። «ጋሼ፣ ካምፓኒው ይህን ቤት ቢያየው ቀድሞ የሚከሰው እኔን ነው።»

«እንግዲያማ ትተዋወቃላችሁ። ና፣ እዚህ ቁም።»

ሊባን ጠዋት ቴሌግራም ላይ አንድ ዜና አንብቧል፤ ሰርቨሩ ተጠግኖ ዛሬ ከሰዓት ይከፈታል ይላል። ስለዚህ ልቡ ሞልቷል። እጁን አጣምሮ፣

«በባዶ አንታረቅም። ካምፓኒው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ» አለ።

«ያባት ነው» አሉ አቶ ገብረዋሕድ ረክተው። ድንጋይ ግን ከየት ይምጣ? ከግቢው የተነቀለው ኮብልስቶን ሁሉ የመኪና ጎማ ሥር ገብቷል። የሽማግሌው ዓይን ሲዞር ሲዞር ኮንሶሎቹን ከመብራት መዋዠቅ የሚጠብቀው ስታቢላይዘር ላይ አረፈ። ብረት ነው፤ ሆዱ ውስጥ በሬ የዋጠ ይመስላል። ተነቅሎ፣ የሃይደር ኮንሶል በቀጥታ ግድግዳው ላይ ተሰካና፣ ብረቱ ጉዲና ትከሻ ላይ ተጫነ።

«እኔ ካምፓኒው» አለ ጉዲና እያቃሰተ፣ «ልጁን መክሰሴ ጥፋት ነው። ከሸጥኩት በኋላም የኔ ነው ማለቴ ጥፋት ነው።»

«ረሳህ» አለች ቤቴል። «በየዓመቱ ያንኑ ጌም ቁጥሩን ቀይረህ መሸጥህስ?»

«እሱም ጥፋት ነው። ቶሎ በሉ፣ ወገቤ።»

አቶ ገብረዋሕድ ወደ ሊባን ዞሩ። «በእናንተስ በኩል?»

«እኛም» አለ ሊባን፣ «ካምፓኒውን እንመታለን ብለን ያልበደለንን መምታታችን… ሃይደርን ማለቴ ነው… ያሳፍራል።» ይህን ሲል እውነት የመሰለ ነገር ድምፁ ውስጥ ገባበትና ራሱ ደነገጠ።

«ይቅር ለእግዜር ተባባሉ።»

ተባባሉ፤ ጉዲና ሸክሙን አውርዶ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ሊባን ስልኩን አውጥቶ፣ ካልኩሌተር ከፍቶ፣ ማንም እንዳያይ ሸፍኖ ቁጥር ደበደበ። ምንም የለም። ጠበቁ። ቴሌግራምም ይዋሻል ለካ ብሎ ማላብ ሲጀምር ሃይደር ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል «ገባ» አለ።

ወይዘሮ መኪያ እልል አሉ። አቶ ገብረዋሕድ ተቀመጡና ሚሪንዳ አዘዙ። ሃይደር ሊባንን አቅፎ «ወንድሜ» አለው፤ የዚያን ጊዜ ሊባን ሃከር መሆኑን ለራሱም ማመን ጀምሮ ነበር።

ጨዋታው ተጀመረ። ባላጋራው ናይሮቢ ያለ ልጅ ነው። ሃይደር ጆይስቲኩን በወጉ ሳይጨብጥ አንድ ገባበት። ቀጥሎ ሁለት። ዕረፍት ላይ ሦስት ለዜሮ ሆነ። ሃይደር ወደ ሊባን ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣

«ጓደኞችህ አሁን ይገኛሉ?»

«ለምን?»

«ትንሽ ይምቱልን። እስኪቋረጥ ብቻ። ተቋረጠ ከተባለ ድጋሚ ነው።»

«እንዴ» አለች ቤቴል የሰማችው። «ትናንት ዳውላ ነበርክ፣ ዛሬ ዱላ ታቀብላለህ?»

«የካምፓኒው ሕግ ነው የበደለኝ» አለ ሃይደር። «ሃከሮቹ እኮ ቀድሞም ሐቅ ነበራቸው።»

«የታረቀ አይቀሰቀስም» አሉ አቶ ገብረዋሕድ ሚሪንዳውን አስቀምጠው። «አደራ ሊባን፣ እኔን እንዳታዋርደኝ።»

አራተኛው ጎል ገባ። «ሊባን፣ በወንድምነታችን» አለ ሃይደር። ሊባን በሽማግሌውና በጓደኛው መሀል መውጫ አጣ። በሕይወቱ ሞክሮት የማያውቀውን ነገር ለመሞከር ቆረጠ።

«እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔ ሃከር…»

መብራት ጠፋ። ከነብሎኩ።

ሃይደር ዘሎ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። «ሃከርነቱን እየነገረን አጠፋው፤ የኔ ጀግና። ተሸነፈ አይባልም፣ ተቋረጠ ነው የሚባለው።»

«እኔ አይደለሁም። በእድሜዬ ያጠፋሁት የሰው ዊንዶውስ ብቻ ነው።»

ከላይ ከየበረንዳው «መብራቱን ምን ነካው?» የሚል ድምፅ መጣ። ወይዘሮ መኪያ በሩ ላይ ወጥተው «ሊባን ነው፣ ሽማግሌ ይዞታል» ብለው መለሱ። ከዚያ እሳቸውም አንድ ነገር ትዝ አላቸው። «ወጤን የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ጥጄ ነው የመጣሁት። ምነው ልጄ ሊባን፣ እኔ ምን አደረግኩህ?»

«ጋሼ፣ ይመኑኝ፤ ሃከር አይደለሁም» አለ ሊባን፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

አቶ ገብረዋሕድ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ። «ልጄ፣ የጥፋተኛ የመጀመሪያ ቃሉ ይኸው ነው። ጉዲናም መጀመሪያ ካምፓኒው አይደለሁም ብሎ ነበር። ጉዲና፣ እስቲ ያንን አምጣው።»

ጉዲና እንደዚያ ደስ ብሎት ዕቃ ሲያነሣ ማንም አይቶት አያውቅም። መስኮት በሌላት ቤት ጨለማ ውስጥ ምንም ሳይደናቀፍ ስታቢላይዘሩን ተሸክሞ መጣ። ደረጃው ላይ የጎረቤቱ ሁሉ ኮቴ እየወረደ ነበር። ሊባን ትከሻውን አመቻቸ። ይከብዳል።