በክዳኑ ውስጥ የተጫረ ምልክት

ፀጉር አስተካካዩ ሰዓቱን ፈትቶ ባንኮኒው ላይ ሲያኖረው የቆዳ ማሰሪያው እንደ ረጠበ ካልሲ ሸተተ።

“ስንቴ ልንገርህ?” አለው ሰዓት ሠሪው አፍንጫውን ይዞ። “ቆዳ ውሃ አይወድም። የሰው ፀጉር ስታጥብ አውልቀው። ሲረጥብ በደረቅ ጨርቅ ጠርገህ ጥላ ላይ አድርቀው። ፀሐይ ላይ ካሰጣኸው እንደ እንጨት ደርቆ ይሰነጠቃል።”

“ሰዓት ያሰርኩ መስሎኝ ልጅ ኖሯል የማሳድገው! በል ማሰሪያውን ብቻ ቀይርልኝ።”

ሰዓት ሠሪው አዲስ ማሰሪያ ከገጠመለት በኋላ፣ ውሃ ገብቶ እንደሆነ ለማየት እንደ ልማዱ የጀርባውን ክዳን ከፈተ። ከፍቶም ክው ብሎ ቀረ። በክዳኑ ውስጥ በመርፌ የተጫረ ምልክትና ቀን አለ። ሰዓት ሠሪ ሥራውን ሲጨርስ እዚያ ቦታ ምልክቱን ይጭራል፤ ባለቤቱ አያየውም፣ ቀጥሎ የሚከፍተው ሠሪ ግን ያየዋል። ምልክቱ የአባቱ ነው። ቀኑ ደግሞ ገና ሦስት ሳምንት አልሞላውም።

አባቱ ሥራ ካቆመ ዓመት አልፎታል። እጁ እየተንቀጠቀጠ የአንድ ደንበኛ ሰዓት አበላሸ፤ ሰውየውም ሱቁን ካላዘጋሁ ብሎ ሰፈሩን አመሰው። ያኔ ሰዓት ሠሪው “ከእንግዲህ ከእኔ እጅ በቀር ሰዓታችሁን የሚነካ የለም” ብሎ ለደንበኞቹ ሁሉ ማለ። ሱቁ እስከ ዛሬ የቆመው በዚያ ቃል ነው።

“ይሄን ማን ከፈተው?”

“አባትህ ናቸዋ! ቤት ሄጄ ፀጉራቸውን ሳስተካክላቸው ሰዓቴ ቆሞብኝ ነበር፣ ‘ተወው እኔ ጋ’ አሉኝ። በሦስተኛው ቀን መለሱልኝ፣ ይኸው አንዲት ደቂቃ አልሳተም። ምነው፣ ፊትህ አመድ መሰለ?”

ሰዓት ሠሪው ማጉያውን ዓይኑ ላይ አድርጎ ጭረቱን ደግሞ አየው። እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ያለ ነው። ብርጭቆ ሲያነሳ ግማሹ ውሃ ደረቱ ላይ የሚፈስበት ሰው ይህን አይጭርም።

ፀጉር አስተካካዩን “ከሰዓት ና” ብሎ ሸኘው፤ ሱቁን ዘጋና በጥድፊያ ቤት ደርሶ የጓዳውን በር ገፋ።

ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል። አባቱ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ተቀምጧል። ወረንጦውን የያዘችው እናቱ ናት። ማጉያው ዓይኗ ላይ ነው፤ ከፊቷ የአንድ ሰዓት ሆድ ዕቃ ተዘርግቷል።

“በሩን ዝጋው፣ አቧራ ይገባል” አለች ቀና ሳትል።

ዘጋው። ግድግዳውን ተደገፈ። ይህች ሴት እኮ ሱቅ ስትመጣ ምሳ አስቀምጣ የምትሄድ ናት።

“እማዬ… ከመቼ ጀምሮ?”

እናቱ ወረንጦዋን አላቆመችም። አባቱ መለሰ። “አንተ ሥራውን ከመልመድህ በፊት ጀምሮ።”

“ምን?”

“እጄ ከከዳኝ ቆይቷል፣ ልጄ። ከባድ ከባዱን ‘ቤት ወስጄ በእርጋታ ልየው’ እል አልነበር? እያየችኝ ለመደችው፤ የምትሠራው እሷ ናት። ምልክቴን ጫሪ አልኳት፣ ጫረች።”

“ያ የተበላሸውስ ሰዓት?”

አባቱ አንገቱን ደፋ። “እናትህ ታማ የተኛች ቀን ነው። ደንበኛው ቸኮለ። እኔው ሞከርኩት።”

ሰዓት ሠሪው ሱቁን አድናለሁ ብሎ ዓመት ሙሉ በር የዘጋው፣ በዚህ ቤት ካሉት እጆች ሁሉ በማይስተው ላይ ነበር።

“ቆመህ ብርሃኔን አትጋርድብኝ” አለችው እናቱ።

ፈቀቅ አለ። “ደንበኞቹን እኔ እነግራቸዋለሁ። ነገ ሱቅ ነይ፣ እማዬ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያቃተኝ አንድ ሰዓት አለ።”

እናቱ ማጉያውን ከዓይኗ አንስታ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው።

“አንድ ብቻ?”