ከጎሉ ጀርባ ያለ ከበሮ

ቡድኑ ዛሬም ተሸነፈ። ይህን ለመናገር ጉሮሮ ማጥራት አያስፈልግም፤ ፀሐይ ጠለቀች እንደ ማለት ነው። ደጋፊው ከሜዳ ሲወጣ የሱሪውን አቧራ ያራግፍና፣ "ስንት ለስንት?" ብሎ ለሚጠይቀው መንገደኛ በጣቱ አሳይቶት ያልፋል። ማዘን እንኳ ጉልበት ይፈልጋል፤ እሱም አልቋል። ሰው ለካ ሽንፈትንም ይለምደዋል።

ነጎድጓድ ግን ሊለምደው አልቻለም። ነጎድጓድ ያሉት ደጋፊዎቹ ናቸው። በሥራ ቀን የብረት በርና መስኮት ይሠራል፤ ላሜራ ሲቀጠቅጥ ይውላል። ቡድኑ በሜዳው በሚጫወትበት ቀን ደግሞ ከአባቱ የወረሰውን ከበሮ አንግቶ ይወጣል። ያን ከበሮ ከእሱ በቀር ማንም አይነካውም። ዘፈኑም፣ ጡሩምባውም፣ ጭብጨባውም የሚነሣው እሱ ሲመታ ነው፤ እሱ ካልጀመረ ማንም አፉን አይከፍትም። ማን እንዳወጣው ባይታወቅም ደንብ ነው።

ሌላም ደንብ አላቸው። የሌላ ቡድን ደጋፊ ከተጋጣሚው ጎል ጀርባ ቆሞ የሰውን በረኛ ሲሰድብ ይውላል። እነ ነጎድጓድ ግን የሚቆሙት ከራሳቸው በረኛ ጀርባ ነው። ድሮ በአባቱ ጊዜ የተጋጣሚ ደጋፊዎች የቡድኑን በረኛ በድንጋይ ፈንክተውት ነበር። "ከእንግዲህ የልጃችንን ጀርባ እኛው እንጠብቃለን" ብለው ቦታውን ያዙ፤ እንደ ያዙትም ቀሩ። ከእረፍት በኋላ ቡድኖቹ ጎል ሲቀያየሩ እነሱም ከበሯቸውን ተሸክመው፣ ሜዳውን ዞረው በረኛቸውን ይከተላሉ። የማዕዘን ምት ሲሆን፣ ኳስ ከክንፍ ስትሻገር፣ ነጎድጓድ መዳፉ እስኪላጥ ከበሮውን ይደበድባል። ጡሩምባው ይከተላል፤ የቆርቆሮው አጥር ይንቀጠቀጣል። ሐሳባቸው ኳሷን ማስደንገጥ ነው። እሷ ግን ደንግጣ አታውቅም፤ ዝም ብላ ትገባለች።

በረኛው ደግሞ ባዳ አይደለም፤ የነጎድጓድ ሚስት ወንድም ነው። እናትና አባታቸው ካለፉ ወዲህ እህቱ ቤት፣ ጓሮ ባለችው ክፍል ይኖራል። ቁመቱ የበሩን ጉበን ይነካል፤ ንግግሩ ግን ከቁመቱ በጣም ያጥራል። በሜዳቸው በተጫወቱ ቁጥር ደግሞ ድምፁ ጨርሶ ይጠፋል። እህቱ ውሃ አሙቃ፣ ጨው ጨምራ ትጠብቀዋለች። ተጉመጥምጦ ተፍቶ፣ በሹክሹክታ "እግዜር ይስጥልኝ" ብሏት ወደ ጓሮው ይገባል። ነጎድጓድም፣ "የዚህ ልጅ ጉሮሮ የወረቀት ነው" እያለ ይተኛል።

በማግስቱ ደጋፊዎቹ እንደ ልማዳቸው ፀጉር ቤት ተሰበሰቡ። ሰብሳቢያቸው ፀጉር አስተካካዩ ነው። የሰው ጭንቅላት በእጁ ስለሆነ ነው መሰለኝ ማንም አይከራከረውም።

"ሣሩ ነው አላችሁ፤ ሣሩ ተቀየረ" አለ መቀሱን እያንቋቋ። "ማሊያው ነው አላችሁ፤ ማሊያው ተቀየረ። የጎሉ ብረት ገፊ ነው ብላችሁ ቀለም ቀባነው። አሠልጣኝ እንደ ካልሲ ቀያየርን። ያልተቀየረ ማን ቀረ?"

"ተከላካዮቹ" አለ የታክሲ ሹፌሩ ከአግዳሚው ላይ። "የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።"

"እነሱንስ ተዋቸው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። የእኛ በረኛ ሞኝም አይደል፣ ወረቀትም አይደል፤ የያዘውን ሁሉ ይለቃል።"

ሰዉ ሳቀ። ነጎድጓድም ትንሽ ሳቀ፤ ቀጥሎ አፈረና ጫማውን ማየት ያዘ።

ፀጉር አስተካካዩ ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቆ የሆዱን አወጣው። የሚቀጥለው ጨዋታ በሜዳቸው ነው፤ ከተሸነፉ ቡድኑ ወደ ታችኛው ሊግ መውረዱ ነው። ስለዚህ በረኛው ገና ወደ ጎሉ ሲመጣ "ውጣ! ውጣ!" ተብሎ ይዘፈንበት። አሠልጣኙ ሳይወድ በግዱ ይቀይረዋል። ዘፈኑን የሚያነሣው ደግሞ ከበሮው ነው።

"አማቹ እኮ ነው" አለ ሹፌሩ።

"አማችነቱ ቤቱ። ሜዳ ላይ አማች የለም። ወይስ አንተ ምን ትላለህ፣ ነጎድጓድ?"

ነጎድጓድ ብዙ ሊል ይችል ነበር። ልጁ ዕድሜው እየገፋ ነው፤ ውሉ የሚያልቀው ዘንድሮ ነው፤ የገዛ ደጋፊው ያባረረውን በረኛ የትም አይቀበለውም፤ ከዚህ ሌላ ሙያም የለው። ይህን ሁሉ ያውቃል። ግን ደክሞት ነበር። በየሳምንቱ አንገት ደፍቶ ከሜዳ መመለስ ሰውን ያደክማል፤ የደከመ ሰው ደግሞ ጥፋተኛው ተለይቶ ሲሰጠው ይቀበላል።

"እሺ" አለ።

ማታ አንድ ገበታ ቀረቡ። በረኛው ትልቁን ቁራሽ ዳቦ ወደ ነጎድጓድ ገፋ አደረገለት። "ብላ እንጂ፣ ጋሼ" አለ በዚያ በተዘጋ ድምፁ። በሬ ካራጁ ይውላል የተባለው ይኸው ነው። ነጎድጓድ ዳቦውን ሳይነካ ራሴን አሞኛል ብሎ ተነሣ። ሚስቱ በዓይኗ ተከተለችው።

ጨዋታው ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ነው ነገሩ የተገለጠለት፤ እሱም በሥራ ቦታው። አብሮት የሚሠራው በዕድሜ የሚበልጠው በያጅ ነው። ያን ቀን አንድ ከባድ የግቢ በር ገጣጥመው ግድግዳው ላይ አስደግፈውታል። በያጁ ከበሩ ሥር ጎንበስ ብሎ ማጠፊያውን ይለካል፤ ነጎድጓድ ወዲያ ማዶ ጀርባውን ሰጥቶ ላሜራ ያቃናል። እልህ ይዞት ነበርና የሚመታው ከወትሮው አጥብቆ ነው። መዶሻውን አሳርፎ ላቡን ሊጠርግ ዞር ሲል፣ በሩ ተንሸራትቶ በያጁን ከግድግዳው ጋር ሊያጣብቀው ደርሷል። ሽማግሌው በትከሻው ደግፎት ይንቀጠቀጣል። ሮጦ ያዘለት፤ ተጋግዘው መለሱት። ትከሻው ከመላላጥ በቀር ክፉ ነገር አልደረሰበትም።

"ምነው አትጠራኝም?" አለ ነጎድጓድ።

"አትጠራኝም ይለኛል እንዴ?" አለ በያጁ። ድምፁ ተዘግቶ እንደ ዝገት ይፋቃል። "ያዝልኝ ብዬ ጮህኩ፤ ጉሮሮዬ እስኪበጠስ ጮህኩ። አንተ መዶሻህን እንጂ እኔን መቼ ትሰማለህ?"

ነጎድጓድ ሽማግሌውን ትክ ብሎ አየው። ይህን ድምፅ ያውቀዋል። በየጨዋታው ማታ በጨው ውሃ እየተጉመጠመጠ "እግዜር ይስጥልኝ" የሚለው ድምፅ ነው።

መሬት ላይ ቁጭ አለ። ቡድኑ ወደ ሰው ሜዳ ሲሄድ ከበሮው አይሄድም፤ መንገዱ ሩቅ ነው። ከዚያ ግን ልጁ ድምፁ እንዳለ ነው የሚመለሰው፤ አንዳንዴ እንዲያውም ይቀልዳል። ውጭ ሲጫወቱ አቻ ይወጣሉ፤ ሰው ሁሉ "ሜዳችን ነው የተረገመው" ይላል። በሜዳቸው ግን ኳስ በተሻገረች ቁጥር በረኛውና ሁለት ተከላካይ እኩል ዘለው ይጋጫሉ፤ ኳሷም ከመሀላቸው ሾልካ ትገባለች። ለካ ልጁ "ልቀቁ፣ የኔ ናት" እያለ ሲጮህ ነው የኖረው። ማን ይስማው? ጀርባውን የሚጠብቁለት ሰዎች በከበሮና በጡሩምባ አፉን ዘግተውታል።

ማታውኑ ፀጉር ቤት ሄዶ ለሰብሳቢያቸው ነገረው። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አቆመ።

"እና እኛ ነን የምናሸንፈው ቡድናችንን?"

"እኛ ነን። እኔ ነኝ።"

"እሺ፣ ምን እንሁን ታዲያ? ልቅሶ ቤት እንደሄደ ሰው አገጫችንን ይዘን እንቀመጥ?" ከመስታወቱ ውስጥ አየውና ፈገግ አለ። "ሚስትህ ናት አይደል ያስጠናችህ? ይሁን፣ አልፈርድብህም። ብቻ ከበሮውን ይዘህ ና።"

የጨዋታው ቀን ይዞ ሄደ። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት፤ ከጎሉ ጀርባ የተለመደ ቦታው ደረሰ። በረኛው ጓንቱን እያጠበቀ ወደ ጎሉ መጣና እንደ ሁልጊዜው እጁን ወደ ደጋፊው አነሣ። ፀጉር አስተካካዩ ለነጎድጓድ ጥቅሻ ሰጠው።

ነጎድጓድ ከበሮውን ከአንገቱ አወረደ። መሬት ላይ አስቀመጠውና ላዩ ላይ ቁጭ አለ።

አባቱ ቢያየው በጥፊ ይለው ነበር። ሰው በዚያ ከበሮ ላይ ክንዱን እንኳ አስደግፎ አያውቅም። "ምን ሆነሃል? ተነሣ እንጂ" አሉት። ሁለት ሦስት ሰዎች "ውጣ" ብለው ጀመሩ፤ ያለ ከበሮ ጀምረው ስለማያውቁ አንዱ ፈጠነ፣ አንዱ ዘገየ፤ ተፋፍረው ተዉት። አንዱ "ከሃዲ" አለው፤ ሌላው እግሩ አጠገብ ምራቁን ተፋ። እነዚህ ሰዎች ሠርጉ ላይ የጨፈሩ፣ አባቱን የቀበሩ ናቸው። ነጎድጓድ መዳፎቹን በጉልበቶቹ መሀል አጣብቆ ተቀመጠ። እጁ ልምድ ሆኖበት ይነዝረው ነበር።

እንደ ፈራውም የማዕዘን ምት ሆነ። ሰዉ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ፤ ከበሮውን ይጠብቃል። ያን ጊዜ ከጎሉ ጀርባ ፀጥ አለ። ኳሷ ተነሣች።

"ልቀቁ! የኔ ናት!"

ነጎድጓድ ይህን ድምፅ በሜዳ ሰምቶት አያውቅም። ወፍራም፣ የማይለመን ድምፅ ነው። ሁለቱ ተከላካዮች እንደ ታዘዘ ወታደር ጎንበስ አሉ፤ በረኛው ከበላያቸው ወጥቶ ኳሷን በደረቱ አቅፎ ወረደ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ኳስ ተሻገረች፤ "ልቀቁ!" አለ፤ ለቀቁለት። ከእረፍት በኋላም ነጎድጓድ ከበሮውን በብብቱ ይዞ ሜዳውን ዞሮ ሌላው ጎል ጀርባ ተቀመጠበት። ብዙዎቹ ከእሱ ራቅ ብለው ቆሙ።

ባዶ ለባዶ አለቀ። ይህ ቡድኑን ከመውረድ አያድነውም፤ ለጥቂት ሳምንት ጭንቀቱን ቢያራዝምለት ነው። ቢሆንም "ውጣ" ያለ የለም።

"ዛሬ ደግሞ ልጁን ምን ነካው?" አለ ፀጉር አስተካካዩ ሲወጡ።

"ጓንቱን አላየህም? አዲስ ነው" አለ ሹፌሩ።

"አላልኩም? ጓንቱ ነበር እኮ!"

ነጎድጓድ ሰምቶ ከበሮውን አንግቶ መንገዱን ቀጠለ። ለማስረዳት ጉልበት አልነበረውም።

በረኛው ልብሱን ቀይሮ መንገድ ላይ ደረሰበት። ሳይጠይቅ ከበሮውን ተቀብሎ አነገተለት።

"እጅህን አሞህ ነው፣ ጋሼ?" አለ። ድምፁ ሙሉ ነበር።

"አላመመኝም።" ጥቂት ሄዱ። "ታውቅ ነበር?"

"ምኑን?"

"በከበሮው ምክንያት እንደማይሰሙህ።"

በረኛው የከበሮውን ማንገቻ አስተካከለ። ቀጥሎ "ከመጣሁበት ዓመት ጀምሮ" አለ።

"ታዲያ አትነግረኝም? አንድ ግቢ እየኖርን?"

"ምን ብዬ፣ ጋሼ? ሳምንቱን ሙሉ ላሜራው ላይ ጎብጠህ ትውላለህ። ቀና ብለህ የማይህ ይህን ከበሮ ስትይዝ ብቻ ነው። በምን አፌ አስቀምጠው ልበልህ? ጎሉ ይግባብኝ አልኩ።"

ነጎድጓድ ቆመ። ስለ ፀጉር ቤቱ፣ እሺ ስላለው ነገር ሊናዘዝ አፉን ከፈተ።

"እሱንም አውቃለሁ" አለ በረኛው። "እኔስ ፀጉሬን የምቆረጠው የት ይመስልሃል?"

ደጃፉ ላይ ደረሱ። መዝጊያውን ሲገፉ በረኛው፣ "ለሚመጣው ጨዋታ ከበሮህን አትተው። እኛ እነሱ ጎል ስንደርስ ምታው" አለ።

"በዓመት ስንቴ ደርሰን?"

በረኛው ሳቀ፤ ጉሮሮውን ከፍቶ፣ ግቢው እስኪያስተጋባ ሳቀ። ሚስትየው የጨው ውሃውን እንደ ያዘች ብቅ አለች። በሜዳቸው በተጫወቱ ቀን ማታ የወንድሟን ሳቅ በቤቷ ሰምታ አታውቅም ነበር። ከፊታቸው ቆመች፤ ኩባያውን ምን እንደምታደርገው ግራ ገባት።

እጁን የዘረጋው ባሏ ነው። "ምን ሆነህ?" አለችው። ሊመልስላት ፈለገ፤ ድምፁ ግን እምቢ አለው። ኩባያውን ተቀብሏት ተጉመጠመጠ።