ጦስኝና የአባቦራ ንቦች

ያኔ ሰቶ ሰመሮ የምትባለው ሰፈር የከተማ ዳርቻ ነበረች፤ በየግቢው ዛፍ ላይ ቀፎ ይሰቀል ነበር። ፈድሊያ ያን ዘመን ስታነሳ መጀመሪያ የሚመጣላት የአባቷ የአባቦራ ነገር ነው። አባቦራ ዓይናቸው ከደከመ በኋላ ቀፎዎቹን የሚያውቁት በድምፅ ነበር። ጆሯቸውን ለጥፈው «ይቺ ጠግባለች፣ ይቺ ንግሥቷ አርጅታለች» ይላሉ፤ ተሳስተውም አያውቁም።

በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት ዝናቡ አላባራ አለ። አንድ ጠዋት ፈድሊያ ከቀፎዎቹ ሥር ነጭ ነገር ተበትኖ አገኘች። አንስታ ብታየው እንደ ጠመኔ የደረቀ የንብ እጭ ነው። አባቷ በጣታቸው አሽተው አሸተቱት።

«ያ ረቢ! ልጆቻቸውን እየጣሉ ነው» አሉ።

በወሩ ከዘጠኙ ቀፎ ሁለቱ ጸጥ አሉ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሸኩር መጥቶ አየና «ለቡናው በሽታ የሚረጨው መድኃኒት አለ አይደል? ይኼም ሻጋታ ነው፣ እሱን እንርጭበት» አለ። ክፉ አስቦ አልነበረም። ፈድሊያ ግን ልቧ እሺ አላላትም፤ ያ በርሜል ሲከፈት ሰው እንኳ አፍንጫውን ይይዛል። በማግስቱ እጮቹን በጨርቅ ቋጥራ ወደ እርሻ ኮሌጁ ሄደች።

እዚያ ያገኘችው ጎሳዬ የሚባል ከመንዝ የመጣ፣ ዓይን አፋር፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበር። እጮቹን በማጉያ መነጽር ካየ በኋላ «ሻጋታ ነው። ንቧን ሳይጎዳ፣ ማሩንም ሳይበክል ሻጋታውን ብቻ የሚይዝ ነገር ያስፈልገናል» አላት።

«እንዲህ ያለ ነገር አለ?»

«አላውቅም። እንሞክር።»

ያቺን «አላውቅም» ወደደቻት። ያን ጊዜ አላውቅም የሚል የተማረ ሰው ብርቅ ነበር።

ጎሳዬ ሻጋታውን በትንንሽ የብርጭቆ ሳህን አበቀለው። ከዚያ ፈድሊያ ከከተማው መርካቶ ከገዛችለት ነጭ ሽንኩርት፣ ኮረሪማና ጦስኝ ዘይት አውጥቶ በየተራ ጠብ አደረገበት። በሳምንቱ የጦስኙ ዘይት ጠብ ባለበት ዙሪያ ሻጋታው ድርሽ አላለም።

ጓጉተው ቸኮሉ። ጎሳዬ ጨርቅ በዘይቱ ነክሮ አባቦራ ከሁሉም አብልጠው የሚወዱት ቀፎ ውስጥ አስገባ። በዝቶ ኖሮ ንቦቹ ቀትር ላይ ግልብጥ ብለው ወጡና በቡናው አናት ወደ ጫካው ነጎዱ። ጎሳዬ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«አባቦራ፣ አጠፋሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

ሽማግሌው የንቦቹ ድምፅ እስኪርቅ አዳመጡ።

«የሸሹት ሽታህን ነው። አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት ሄደዋል። በል ቀንስና እንደገና ሞክር።»

ቀነሰ። ሁለት ጠብታ ብቻ በስኳር ውሃ በጥብጦ ሰጣቸው። ስኳር በቀበሌ የሚታደል ነበርና ቤተሰቡ ሁለት ወር ሙሉ ምንም ጣፋጭ አልቀመሰም። ቀፎዎቹንም ውሃ ከሚተኛበት ሥፍራ አንስተው ፀሐይ ወደሚያገኘው ተዳፋት ወሰዷቸው። ጎሳዬ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ የወደቁትን እጮች ይቆጥራል፤ አርባ፣ አሥራ ስድስት፣ ሦስት። ፈድሊያ ከቁጥሩ ይልቅ ቅዳሜዋን ትጠብቅ እንደነበር ለማንም አልተናገረችም።

ቡናው ሲያብብ አባቦራ ቀፎዎቹን አንድ በአንድ አዳመጡና «ዳኑ» አሉ። በመሃል ሌላ አንድ ሞቶ፣ ከዘጠኙ አምስቱ ተርፈው ነበር። ጎሳዬ ግን «ጦስኙ ይሁን ፀሐዩ፣ ገና ለይቼ አላወቅሁም» አለ። አባቦራ ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ ደስ ማለትም አታውቅ!»

ጎሳዬ ሐምሌ ላይ ተመረቀና ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተመደበ። መናኸሪያ ድረስ የሸኘችው ፈድሊያ ናት። «ስንት እንደወደቀ ጻፊልኝ» አላት አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል። ጻፈች። እሱም መለሰ። በሦስተኛው ዓመት መልስ ቀረ፤ ለምን እንደቀረ እስከ ዛሬ አላወቀችም።

አባቦራም አልፈዋል፤ ተዳፋቱ ላይ አሁን የብሎኬት ቤት ቆሟል። ልጆቿ አንድ ቀን የልብስ ሳጥኗን ሲያጸዱ ደብዳቤዎቹን አገኙና አነበቧቸው።

«እማ፣ ይኼ ሁሉ ስለ ንብ ብቻ ነው እንዴ?» አሏት።

«ስለ ንብ ነው» አለች፣ እያጣጠፈቻቸው።